ቻርጅ የሌለው ኒውትሮን ማግኔትነቱን ከየት አመጣው? (ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ፊዚክስ ወዳጆች ኑልኝ)

አለላ (ደሴ፣ ሰኞ ገበያ) | እሑድ ማታ 2:15

ሰላም ለሁላችሁ፤ እንዴት ከረማችሁ። የሦስተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ነኝ። አሁን ለእረፍት ቤተሰብ ጋ ደሴ ነኝ። አንድ ጥያቄ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሳኝ።

ኒውትሮን ቻርጅ የለውም ተብለን ነው ያደግነው። ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። ማግኔት ደግሞ የሚኖረው ቻርጅ ሲዞር ወይ ሲንቀሳቀስ ነው። ታዲያ ኒውትሮን ማግኔታዊ ሞመንት (የማግኔቱ ልክ) አለው፤ ያውም ደህና አድርጎ። በኑክሌር ማግኔቶን፣ ማለት በቅንጣቶች የማግኔት መለኪያ፣ ሲለካ −1.913 ነው። የፕሮቶን +2.793 ነው። ማይነሱ ማግኔቱ ከስፒኑ (ከቅንጣቱ ውስጣዊ ዙረት) ተገልብጦ ይቆማል ማለት ነው። ምንም የሌለው ነገር ይህን ሁሉ ከየት አመጣው?

ሁለተኛ። እስቲ የፕሮቶኑን ቁጥር ለኒውትሮኑ አካፍሉት። −1.46 ይመጣል። ክፍል ውስጥ አስተማሪያችን «በሲሜትሪ ግሩፕ −3/2 ይወጣል» ብሎ አንድ መስመር ጽፎ አለፈ። ከየት እንደመጣ ጠየቅኩ፣ ሰዓት አልቆ ነበር። ቤት ገብቼ መጽሐፉን ስገልጠው ማትሪክስ በማትሪክስ ነው። አንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አልገባኝም።

ዛሬ ከሰዓት ደግሞ እናቴ ሰፌድ ስትሰፋ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነበር። ስንደዶውን ከመሃል ጠምዝዛ ትጀምራለች። በወስፌ ትበሳለች፣ አክርማውን ታሳልፋለች፣ ትስባለች። ሰፌዱ እንደ መዳፍ ሰፋ ሲል አለላውን አመጣች፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ። ምንም አልሣለችም። ዙሪያውን ስድስት ቦታ ብቻ ቆጠረች። «እማ፣ ቀጥሎ ቀዩ የት እንደሚገባ በምን ታውቂያለሽ?» አልኳት። «አንዱን ጎን ከሠራሁ አምስቱ ራሳቸው ይነግሩኛል» አለችኝ።

እሷ እንዲህ ስትል መጽሐፉ ላይ ያለው ባለ ስድስት ማዕዘን የቅንጣቶች ሥዕል ትዝ አለኝ። ነገሩ አንድ መሰለኝ። ግን ከማግኔቱ ጋር ማገናኘት አቃተኝ። የሚያስረዳኝ አለ?

---

ሐረጎ | እሑድ ማታ 2:40

እህቴ ይሄ ቀላል ነው። ኒውትሮን ማለት ፕሮቶንና ኤሌክትሮን አንድ ላይ ተጣብቀው ነው። ሲፈርስም እነሱኑ ነው የሚሰጠው። ፕላስና ማይነሱ ተጣፍቶ ቻርጁ ዜሮ ይሆናል፣ ማግኔቱ ግን አይጣፋም። በቃ።

---

የአዝዋ ልጅ | እሑድ ማታ 2:52

አብሽሪ እህቴ፣ ሰው አታጪም። መልሱን ልከታተል እኔም ገብቻለሁ።

---

ጠመኔ (ኮምቦልቻ) | እሑድ ማታ 3:30

ልጄ አለላ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቅሽው። ብዙ ዓመት ፊዚክስ አስተምሬ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሳይ ጠመኔው እጄ ላይ ያለ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ለሐረጎ። ወንድሜ፣ ያልከውን ትልልቅ ሳይንቲስቶችም አስበውት ነበር፤ አያሳፍርም። ግን ቁጥሩን እንየው። የኤሌክትሮን ማግኔታዊ ሞመንት ከፕሮቶን 658 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ኤሌክትሮን ኒውትሮን ውስጥ ቢኖር ኖሮ የኒውትሮን ማግኔት በኑክሌር ማግኔቶን ከሺህ በላይ በሆነ ነበር። የተለካው ግን 2 እንኳ አይሞላም። ስፒኑም እምቢ ይላል። ስፒናቸው ግማሽ ግማሽ የሆነ ሁለት ቅንጣቶች ተደምረው ዜሮ ወይ 1 እንጂ ግማሽ አይሰጡም። የኒውትሮን ስፒን ግማሽ ነው። ኤሌክትሮኑ ኒውትሮኑ ሲፈርስ እዚያው ይፈጠራል እንጂ ቀድሞ ውስጡ ተቀምጦ አልነበረም።

ታሪኩ ደግሞ ይሄውላችሁ። የኤሌክትሮንን ጠባይ በሚገልጸው በዲራክ እኩልታ መሠረት፣ ፕሮቶን እንደ ኤሌክትሮን ነጥብ ብቻ ቢሆን ሞመንቱ ልክ 1 ኑክሌር ማግኔቶን መሆን ነበረበት። በ1933 (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ኦቶ ሽተርንና ባልደረቦቹ ሃምቡርግ ላይ ለኩት። ከሁለት በላይ ሆኖ ተገኘ። ሽተርን የ1943 የኖቤል ሽልማት ሲሰጠው ከተጠቀሱለት ሥራዎች አንዱ ይህ ነው። የኒውትሮንን ደግሞ በ1940 አልቫሬዝና ብሎክ በቀጥታ ለኩት።

እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ሰው «ኳርክ» የሚባል ቃል ከመስማቱ በፊት ፕሮቶንና ኒውትሮን ውስጣቸው ሌላ ነገር እንዳለ እየተናገሩ ነበር። ሰሚ ያገኙት ግን ሠላሳ ዓመት ቆይቶ ነው።

ስለ ሰፌዱ ነገ እጽፋለሁ። መብራት ሊሄድ ነው መሰለኝ፣ ብልጭ ድርግም እያለ ነው።

---

ሐረጎ | እሑድ ማታ 3:41

የ658ቱን ነገር አላውቅም ነበር መምህር። ተቀብያለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ።

---

ጠመኔ | ሰኞ ጠዋት 3:05

እንደምን አደራችሁ።

አለላ፣ እናትሽ ገና ቀለም ያልገባበትን ሰፌድ አስቢ። ነጩን። ዓይንሽን ጨፍነሽ ሳለ አንድ ሰው በፈለገው ያህል ቢያዞረው፣ ዓይንሽን ስትገልጪ መዞሩን አታውቂም። አንድ ዲግሪም ይሁን ግማሽ፣ ለውጥ የለውም። አለላው ሲገባ ግን ነገሩ ይለያል። 60 ዲግሪ ቢያዞረው አታውቂም፤ 20 ቢያዞረው ታውቂያለሽ። ሳይታወቅ የሚደረግ ለውጥ ሲሜትሪ ይባላል። እነዚያ ለውጦች ተሰብስበው ግሩፕ ይሆናሉ። ግሩፕ የሚያሰኛቸው ሕግ ቀላል ነው። ሁለቱን ብታከታትያቸው ውጤቱ እዚያው ስብስብ ውስጥ ይገኛል፤ ምንም አለማድረግም ከነሱ እንደ አንዱ ይቆጠራል፤ የተደረገው ሁሉ ደግሞ የሚመለስበት አለው።

ያልተቀባው ሰፌድ ቀጣይ ግሩፕ አለው፣ ባለ አለላው የሚቆጠር ግሩፕ። የቅንጣቶቹ ግሩፕ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ግን የሚዞረው በዓይን በምናየው ቦታ ላይ አይደለም። የሚዞረው የቅንጣቱ ማንነት ነው።

በ1932 ሃይዘንበርግ የፕሮቶንና የኒውትሮን ክብደት ተቀራራቢ መሆኑን አይቶ (938.27 እና 939.57 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ናቸው) የአንድ ነገር ሁለት ገጽ አድርጎ አሰባቸው። ኒውክለስን አንድ አድርጎ የሚይዘው ጠንካራ ኃይል ሁለቱን አይለይም። ሁለቱን ገጾች እርስ በርስ የሚያዞረው ግሩፕ ኤስዩ(2) ይባላል። በ1961 ማሪ ጌልማንና ዩቫል ኔማን፣ አንዱ ከሌላው ሳይሰማ፣ ወደ ኤስዩ(3) አሰፉት። ያኔ ስምንት ቅንጣቶች አንድ ቤተሰብ ሆኑ። ሥዕሉን ስትሥዪው ስድስቱ በስድስት ማዕዘን ላይ ይቀመጣሉ፣ ሁለቱ መሃል እምብርቱ ላይ። ትዝ ያለሽ ሥዕል ይህ ነው።

እናትሽ «አምስቱ ራሳቸው ይነግሩኛል» ያለችው ደግሞ በቅንጣቶቹም ደርሷል። ስፒናቸው 3/2 የሆነ ሌላ ቤተሰብ አለ፤ አሥር አባል ያለው፣ ሦስት ማዕዘን የሚሠራ። በ1962 ዘጠኙ ይታወቁ ነበር። የሦስት ማዕዘኑ ጫፍ ባዶ ነበር። ረድፎቹ ወደ ጫፉ ሲሄዱ ክብደታቸው በ150 ገደማ እየጨመረ ነው የሚሄደው፤ 1232፣ 1385፣ 1530። ጌልማን ጫፉ ላይ ቻርጁ ኔጋቲቭ የሆነ፣ ክብደቱ ወደ 1680 የሚጠጋ ቅንጣት መኖር አለበት አለ። በ1964 ብሩክሄቨን ቤተ ሙከራ ውስጥ ተገኘ። ክብደቱ 1672። ኦሜጋ ኔጋቲቭ ይባላል። ማንም አይቶት የማያውቀውን ነገር፣ ጎኖቹ እንዲህ ስለሆኑ እዚህ ጋ ይህ መኖር አለበት ማለት ነው። እኔ ይህን ለተማሪ ስነግር ሁልጊዜ ሰውነቴን ይወረኛል።

---

አለላ | ሰኞ ጠዋት 4:10

መምህር፣ እድሜ ይስጥዎት! ለእናቴ አነበብኩላት። «ታዲያ ምን ያስገርማል፣ ጫፉን ሳይጨርስ ማን ሰፌድ ይተዋል?» አለችኝ።

ግን ማግኔቱ ገና ነው። ግሩፑ ቤተሰቡን ነገረን። ቁጥሩን እንዴት ይነግረናል?

---

ክራር | ሰኞ ጠዋት 4:30

የሙዚቃ ሰው ነኝ፤ ፊዚክሱን አልችለውም። ግን አምባሰልን በየትኛውም ድምፅ ብጀምረው አምባሰል ነው። ዘፋኟ ዛሬ ድምፅ ካጣች ዝቅ አድርጌ እቃኝላታለሁ፤ ሰሚው «ይሄ አምባሰል አይደለም» አይለኝም። ይሄስ አንድ ነው ወይ?

---

ጠመኔ | ሰኞ ከሰዓት 8:20

ክራር ወንድሜ፣ አዎ አንድ ነው። ለውጠኸው ያልተለወጠው እሱ ነው ቅኝቱ። ሁሉም ድምፅ እኩል ከፍ ወይ ዝቅ ስለሚል በመሃላቸው ያለው ርቀት እንዳለ ይቆያል።

አሁን ወደ አለላ ጥያቄ። በዚያው በ1961 ሲድኒ ኮልማንና ሼልደን ግላሾ፣ ሁለቱም ወጣቶች፣ ልክ ያንቺን ጥያቄ ጠየቁ፤ ይህ ሲሜትሪ ልክ ከሆነ ስለ ኤሌክትሮማግኔታዊ ጠባያቸው ምን ይላል? ኳርክ የሚለው ሐሳብ ገና አልመጣም፣ በ1964 ነው የሚመጣው። እኔ ግን እንዲቀል በኳርክ ቋንቋ ልንገርሽ።

ኳርክ ፕሮቶንና ኒውትሮን የተሠሩበት ቅንጣት ነው። እዚህ የሚያስፈልጉን ሦስት ዓይነት ናቸው። አፕ፣ ቻርጁ +2/3። ዳውን፣ −1/3። ስትሬንጅ፣ እሱም −1/3። ፕሮቶን አፕ አፕ ዳውን ነው። ኒውትሮን አፕ ዳውን ዳውን።

ብርሃን፣ ማለት ፎቶን፣ ቻርጅ እንጂ ሌላ አያይም። ዳውንና ስትሬንጅ ለፎቶን መንታ ናቸው፤ ቻርጃቸው እኩል ነው። ስለዚህ ሲሜትሪው ሙሉ ቢሆን ኖሮ ዳውንን በስትሬንጅ፣ ስትሬንጅን በዳውን ብንቀይር ማግኔቱ ንቅንቅ ማለት የለበትም። ቀይሪያ! ፕሮቶን ውስጥ ያለውን ዳውን ስትሬንጅ ስታደርጊው ሲግማ ፖዘቲቭ የሚባለው ቅንጣት ይመጣል። የሁለቱ ሞመንት እኩል መሆን አለበት። ኒውትሮን በዚሁ መንገድ ክሳይ ዜሮ ይሆናል። ሲግማ ኔጋቲቭ ደግሞ ክሳይ ኔጋቲቭ። ሦስት ጥንድ፣ ሦስት እኩልነት፤ አንድም ማትሪክስ ሳንነካ።

ሌላም አወጡ። ይህኛው የክብደት ነው። በቤተሰቡ ውስጥ በቻርጅ ብቻ የሚለያዩ ቅንጣቶች ክብደታቸው ትንሽ ትንሽ ይለያያል። ኮልማንና ግላሾ እነዚያን ትንንሽ ልዩነቶች አንድ ላይ አሰሯቸው። ክሳይ ኔጋቲቭ ከክሳይ ዜሮ የሚበልጥበት ልክ፣ ሲግማ ኔጋቲቭ ከሲግማ ፖዘቲቭ ከሚበልጥበት ላይ ኒውትሮን ከፕሮቶን የሚበልጥበትን ስንቀንስ ከሚቀረው ጋር እኩል ነው አሉ። ወረቀት አምጪና ሥሪው። 1321.71 ሲቀነስ 1314.86፣ 6.85። በሌላው ወገን 1197.45 ሲቀነስ 1189.37፣ 8.08፤ ከሱ ላይ 1.29 ስትቀንሺ 6.79።

6.85 እና 6.79! በመሃላቸው ያለው ክፍተት ክሳይ ዜሮን ስንለካ ካለው ስህተት ያንሳል። በመቶዎች የሚቆጠር ክብደት የሚለያያቸው ቅንጣቶች ናቸው፤ ትንንሾቹ ልዩነቶቻቸው ግን እንዲህ ይገጥማሉ።

---

ቦርከና (ኮምቦልቻ) | ሰኞ ማታ 1:50

ሰላም። የጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነኝ፤ ጨርቅ ላይ ጥለትና አበባ የሚታተምበት ክፍል ነው የምውለው። ቅዳሜና እሑድ ሳይንስ አነባለሁ።

መምህርን አክብሬ አንድ ነገር ልጠይቅ። ሦስቱን ጥንድ ፈልጌ አየኋቸው። ፕሮቶን 2.793፣ ሲግማ ፖዘቲቭ 2.458። ኒውትሮን −1.913፣ ክሳይ ዜሮ −1.250። ሲግማ ኔጋቲቭ −1.160፣ ክሳይ ኔጋቲቭ −0.651። አንዱም እኩል አይደለም። የመጨረሻው እንደውም በግማሽ ሊወርድ ምንም አልቀረው። እኛ ጋ ቀለሙ ከናሙናው ይህን ያህል ከራቀ ጨርቁ ይመለሳል። ይሄ ታዲያ «አልሠራም» አይባልም?

---

አለላ | ሰኞ ማታ 2:35

ቦርከና፣ የጻፍካቸውን ቁጥሮች ደብተሬ ላይ ገልብጬ ቁጭ ብዬ አየኋቸው። አንድ ነገር አየሁ፤ መምህር ስህተት ካለው ያርሙኝ።

በየጥንዱ ስትሬንጅ የበዛበት ነው የሚያንሰው። ሦስቱም ላይ። ሲግማ ፖዘቲቭ አንድ ስትሬንጅ አለው፣ ፕሮቶን የለውም፤ አነሰ። ክሳይ ዜሮ ሁለት አለው፣ ኒውትሮን የለውም፤ በብዙ አነሰ። ክሳይ ኔጋቲቭ ሁለት አለው፣ ሲግማ ኔጋቲቭ አንድ፤ አነሰ። ምልክታቸው ግን ሦስቱም ጥንድ ላይ አንድ ነው። ፕላስ ከፕላስ፣ ማይነስ ከማይነስ።

ስትሬንጅ ከሌሎቹ ይከብዳል። ከባድ ነገር ደግሞ ማግኔቱ ደካማ ነው፤ ኤሌክትሮን ከፕሮቶን የሚበልጠው ቀላል ስለሆነ አይደል። ስለዚህ ዝም ብሎ አልተበላሸም። የተበላሸበት አቅጣጫ አለው።

እናቴ አንድ ጊዜ ወይን ጠጁ አለላ አልቆባት ሁለቱን ጎን በደብዛዛ ጨርሳዋለች። ሰፌዱ ቤት አለ። ማንም ሲያየው ስድስት ጎን መሆኑን አይስትም። ቀለሙ የት ጋ እንዳለቀም ያያል።

---

ጠመኔ | ሰኞ ማታ 3:00

የማርምሽ የለኝም። «የተሰበረ ሲሜትሪ» የሚባለው ይሄው ነው። ቦርከናም ልክ ነው፤ በመቶኛ ካየነው ልዩነቱ ትልቅ ነው፣ መደበቅ የለበትም። ግን ሲሜትሪው ባይኖረን ኖሮ ክፍተቱ መኖሩንም አናውቅም ነበር። ከምን አነሰ እንላለን?

---

ቦርከና | ሰኞ ማታ 3:12

ገባኝ። እኛ ጋም ማተሚያው ትንሽ ሲንሸራተት ስህተቱ በየዙሩ እኩል ቦታ ላይ ይደገማል። የተንሸራተተውን የምናገኘው በዚያ ነው።

---

ሐረጎ | ማክሰኞ ጠዋት 2:45

መምህር፣ የ−3/2ቱ ነገር ቀረ እኮ! እሷ የጠየቀችው እሱን ነው። ዛሬ ጉም ስለነበረ መኪናው ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ቀስ እያለ ነው የወረደው፤ መንገዱን ሙሉ ሳሰላ መጣሁ፣ አልወጣልኝም።

---

ጠመኔ | ማክሰኞ ከሰዓት 9:15

አልረሳሁትም። ቆንጆውን ለመጨረሻ ብዬ ነው።

በ1964 ቱርካዊው ፌዛ ጉርሴይና ጣሊያናዊው ሉዊጂ ራዲካቲ፣ ለብቻውም ሳኪታ፣ ሦስቱን ኳርክና ሁለቱን የስፒን አቅጣጫ አንድ ላይ አጣመሯቸው። ሦስት ጊዜ ሁለት ስድስት። ኤስዩ(6) ነው። በዚያው ዓመት ቤግ፣ ሊ እና ፓይስ የፕሮቶንና የኒውትሮንን ሞመንት ከሱ አወጡ። መጽሐፍሽ ማትሪክስ የደረደረው ለዚህ ነው። እኛ ግን በጣታችን እንቆጥረዋለን።

የዳውንን ሞመንት −1 በይው። የአፕ ቻርጅ የሱ እጥፍና ተቃራኒ ስለሆነ አፕ +2 ነው። ክብደታቸውን እኩል አድርገን ነው የያዝነው።

ፕሮቶን ውስጥ ሁለት አፕ አለ። ሲሜትሪው ሁለቱ አንድ ዓይነቶች ስፒናቸውን አስተባብረው 1 ያድርጉ ይላል። ይህ ጥንድ ከዳውኑ ጋር ሆኖ ጠቅላላውን ግማሽ ስፒን የሚሠራበት ሁለት መንገድ አለ። ከሦስቱ ሁለት እጅ፣ ሁለቱ አፕ ወደ ላይ ይቆማሉ፣ ዳውኑ ይገለበጣል። ከሦስቱ አንድ እጅ ደግሞ ጥንዱ ወደ ጎን ይተኛል፣ ዳውኑ ብቻውን ወደ ላይ ይቆማል።

በመጀመሪያው መንገድ አፖቹ 2 እና 2፣ 4 ናቸው። የተገለበጠው ዳውን −1 ሳይሆን +1 ይሰጣል። ድምሩ 5። በሁለተኛው ጥንዱ ዜሮ፣ ዳውኑ −1። እንግዲህ 5 በ2/3፣ 10/3። −1 በ1/3፣ −1/3። ድምር 9/3። ፕሮቶን 3 ሆነ።

ኒውትሮን። ጥንዱ ዳውን ነው፣ −2። የተገለበጠው አፕ ሌላ −2። ድምር −4፤ በ2/3፣ −8/3። በሌላው መንገድ አፑ ብቻውን +2፤ በ1/3፣ 2/3። ድምር −6/3። ኒውትሮን −2 ሆነ።

3 ለ −2። ይኸው −3/2።

የመጀመሪያው ጥያቄሽም አብሮ ተመለሰ። ቻርጁን ስትደምሪ 2/3 ሲቀነስ 1/3 ሲቀነስ 1/3 ዜሮ ነው። ማግኔቱን ስትደምሪ ግን ማን ቆመ፣ ማን ተገለበጠ የሚለው አብሮ ይቆጠራል። ስለዚህ አይጣፋም። ኒውትሮን ባዶ አይደለም፤ ሒሳቡ የተወራረደ ነው እንጂ።

---

አለላ | ማክሰኞ ከሰዓት 9:50

በቃ??? ይሄ ነው??? ጮክ ብዬ ስቄ እናቴ ከጓዳ «ምን ሆንሽ?» ብላ ወጣች። ሳምንት ሙሉ!

---

ሐረጎ | ማክሰኞ ማታ 1:20

አንድ ነገር ግን ይቆረቁረኛል። ኳርኮች እንደ ኤሌክትሮን ናቸው፤ የፓውሊ ሕግ ይይዛቸዋል። ሁለት አንድ ዓይነት ቅንጣት በአንድ ቦታ፣ በአንድ አቅጣጫ ስፒን መቆም አይችልም። እርስዎ ሁለቱን አፕ አንድ ላይ አቆሟቸው። ይፈቀዳል?

---

ጠመኔ | ማክሰኞ ማታ 2:05

ሐረጎ፣ በ1964 ሰዎቹን እንቅልፍ የነሳቸው ይኸው ያልከው ነው። እንደውም ከዚህ የባሰ አለ። ዴልታ የሚባለው፣ ቻርጁ +2 የሆነው ቅንጣት፣ ሦስት አፕ ሦስቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ቆመው ነው።

በዚያው ዓመት ግሪንበርግ መውጫ አመጣ። ኳርኮቹ ሌላ ሦስት ዓይነት መለያ አላቸው አለ። በኋላ «ቀለም» ተባለ። ሁለቱ አፕ በቀለም ይለያያሉ፣ ስለዚህ ሕጉ አልተጣሰም።

ይህን ዝም ብለህ አትመነኝ፣ ፈትነው። ቀለም የለም እንበልና የፓውሊን ሕግ እናስከብር። ያኔ ሁለቱ አፕ ግድ ተቃራኒ ይቆማሉ፣ ማግኔታቸው ይጣፋል። የፕሮቶን ሞመንት የብቸኛው ዳውን ብቻ ይሆናል፤ −1። የኒውትሮን የብቸኛው አፕ፤ +2። ምልክቱ ተገለበጠ፣ ሲካፈሉም −1/2 ሆነ። የተለካው −1.46 ነው። ቅንጣቶቹ ራሳቸው ፈረዱ።

---

የአዝዋ ልጅ | ማክሰኞ ማታ 2:30

ዝም ብዬ እያነበብኩ ነበር። አንድ ጥያቄ ልጨምር። አባቴን አምና ወገቡን አሞት ኤምአርአይ ታዝዞለት ነበር። ማሽኑ ማግኔት ነው አሉን። ይሄ የምታወሩት ማግኔት ነው?

---

አለላ | ማክሰኞ ማታ 2:48

አላህ ምሕረቱን ያውርድለት። አዎ እህቴ፣ ራሱ ነው። ሰውነታችን ውስጥ ውሃና ስብ አለ፤ እነሱ ውስጥ ሃይድሮጅን አለ፤ የሃይድሮጅን ኒውክለስ አንድ ፕሮቶን ነው። ማሽኑ ትልቅ ማግኔት ውስጥ ያስገባቸዋል፤ ፕሮቶኖቹ እንደ እንዝርት ይሾራሉ። የማግኔቱ ጥንካሬ 1.5 ቴስላ (ቴስላ የማግኔት መለኪያ ነው) ከሆነ በሰከንድ 64 ሚሊዮን ጊዜ ያህል። ከኤፍኤም ሬዲዮ ትንሽ ዝቅ ያለ ነው። ማሽኑ የሚሰማው ያንን ነው። የፍጥነቱን ልክ የሚወስነው ያ 2.793 ነው። አባትሽ ወገብ ላይ የተቆጠረው ይኸው ቁጥር ነው።

---

የአዝዋ ልጅ | ማክሰኞ ማታ 2:55

ሱብሃነላህ። ለአባቴ እነግረዋለሁ። አሁን ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ።

---

ጠመኔ | ረቡዕ ጠዋት 3:40

አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር ቅር ይለኛል። ይህ የጣት ቆጠራ እንዲህ ጥሩ መሥራቱ ራሱ ጥያቄ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ሰርን በሚባለው የአውሮፓ የቅንጣት ቤተ ሙከራ ውስጥ የተደረገ ሙከራ ከፕሮቶኑ ስፒን የኳርኮቹ ስፒን የሚሸፍነው ጥቂቱን ብቻ እንደሆነ አሳየ። አሁን አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው የሚባለው። የቀረው ከግሉኦኖች (ኳርኮቹን አንድ ላይ ከሚይዙት ቅንጣቶች) እና ከኳርኮቹ መዞር ነው። እኔ ከላይ ስቆጥር ስፒኑ ሁሉ የሦስቱ ኳርክ እንደሆነ አድርጌ ነበር። ታዲያ −1.5 ከ−1.46 ይህን ያህል የተጠጋው ስለምን ነው? ዛሬም የሚሠራበት ነው። አለላ፣ ትምህርትሽን ስትቀጥይ የሚጠብቅሽ ይህ ነው።

---

አለላ | ረቡዕ ማታ 3:25

ዛሬ ሙሉ ቀን ሠራሁት። የመምህርን ቆጠራ ወሰድኩና እኩል ክብደት የሚለውን ተውኩት። ከፕሮቶንና ከኒውትሮን ተነስቼ አፕ 1.852፣ ዳውን −0.972 አገኘሁ። ላምዳ በሚባለው ቅንጣት (አፕ፣ ዳውን፣ ስትሬንጅ) ውስጥ አፑና ዳውኑ ስፒናቸው ስለሚጣፋ ማግኔቱ የስትሬንጁ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ስትሬንጅ −0.613። ከዚያ ሌሎቹን በሦስቱ ቁጥር ብቻ አወጣኋቸው።

ሲግማ ፖዘቲቭ 2.67 ወጣልኝ፤ የተለካው 2.46።
ሲግማ ኔጋቲቭ −1.09፤ የተለካው −1.16።
ክሳይ ዜሮ −1.43፤ የተለካው −1.25።
ኦሜጋ ኔጋቲቭ፣ ሦስት ስትሬንጅ፣ −1.84፤ የተለካው −2.02።

ቦርከና፣ ምልክቱ ሁሉም ላይ ገጥሟል፤ ሦስቱን ጥንድ እኩል ይሁኑ ብለን ከያዝነው ይልቅ በአብዛኛው ቀርቧል። ግን ክሳይ ኔጋቲቭ አስቸገረኝ። −0.49 ወጣልኝ፣ የተለካው −0.65 ነው። አራት ጊዜ ደገምኩት። ስህተቱ የኔ ነው?

---

ጠመኔ | ረቡዕ ማታ 3:50

ያንቺ አይደለም። እኔም ስሠራው −0.49 ነው የሚወጣው። ትልልቅ ቁጥሮች ተቀናንሰው ትንሽ የሚቀርበት ቦታ ስለሆነ፣ የተውነው ነገር ሁሉ እዚያ ይጋለጣል። ቅዳሜ ደሴ እወጣለሁ። ፒያሳ ቡና እየጠጣን እናየዋለን። ሐረጎና ቦርከናም መምጣት ትችላላችሁ፤ መኪናው ላይ እንገናኝ። አለላ፣ ያንን ቀለም ያለቀበትን ሰፌድ ይዘሽ ነይ።

---

ቦርከና | ረቡዕ ማታ 4:02

ቅዳሜ ከሌሊት ፈረቃ ነው የምወጣው። ሳልተኛ እመጣለሁ።